የጎሽ ቀንድ እጀታ

ባቡሩ ከኖርስቦሪ ሲነሳ ሻምበል ገብረመድህን አልተቀመጡም። ሐምራዊውን የስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ከረጢት በሁለት እግራቸው መሐል አቁመው፣ በአንድ እጃቸው አናቱን፣ በሌላው የባቡሩን ዘንግ ጨብጠው፣ እንደ ዘብ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይቀመጡ እንጂ ሻምበል» አላቸው ዓወል። «መንገዱ ረጅም ነው።»

«እኔ ከተቀመጥኩ እሱ መጋደም ሊኖርበት ነው» አሉ ከረጢቱን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ሰው ይረግጠዋል።»

ዓወል የደሴ ልጅ ነው። ዮርድብሩ ካለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ የሚኖረው ከሻምበል በር ፊት ለፊት ነው። ዛሬ ከሥራ ፈቃድ የወሰደው ሊያስተረጉምላቸው ነው። ከረጢቱም የዓወል ልጅ የኢናስ ነው። የሻምበል ልጅ ማርያማዊት «ጎራዴ ይዛችሁ ቱነልባና ባቡር ውስጥ ልትገቡ? ፖሊስ ይዟችሁ ሠርጌን እስር ቤት ላደርግ ነው?» ብላ ስትጮህ፣ ኢናስ ከጓዳ ብቅ ብላ በስዊድንኛ አንድ ነገር አጉረመረመችና ከረጢቱን ወረወረችላቸው። የካቲት 1989 ነበር። ያ ሳምንት ስፖርትሎቭ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ባቡሩ ስኪ በተሸከሙ ልጆች ተሞልቷል። አንድ ከረጢት ቢጨመር ማን ልብ ይላል?

አንዲት አሮጊት ግን ልብ አሉ። የሻምበልን ነጭ ጢም አዩ፣ ከረጢቱን አዩ፣ ፈገግ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አሉ ሻምበል።

«የት ሊንሸራተቱ እንደሆነ ነው የሚጠይቁት።»

«ስሉሰን በላቸው።»

ዓወል እንደተባለው ተናገረ። አሮጊቷ ስሉሰን ከተማ መሐል መሆኑን፣ የሚንሸራተቱበት ተራራም እንደሌለ አስረዱት። «አንዲት ትንሽ አለች» አለ ዓወል። ሴትዮዋ እስኪወርዱ ድረስ ሳቁ።

ሻምበል አልሳቁም። ልባቸው እሑድ ላይ ነው። እሑድ የሁዳዴ ጾም ቅበላ ነው፤ ማርያማዊት ብሩህን የምታገባበት ቀን ነው። ሻምበል ለሙሽራው የሚሰጡት ነገር ቢኖር ይኼ ጎራዴ ብቻ ነው። እሳቸው ካገር በወጡ በስንት ጊዜው ዘመድ በምንጣፍ ጠቅልሎ በዕቃ ጭነት ላከላቸው። ሰጪ ደግሞ በሠርግተኛው ፊት ቆሞ የሰጠው ነገር ምን እንደሆነ መናገር አለበት። «ይህ የጥንት የጃፓን ሰይፍ ነው» ሊሉ ያስባሉ። እውነት መሆኑን ግን አያውቁም። ሽማግሌዎች ልጅቷን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት፣ የሽማግሌዎቹ አለቃና የሙሽራው አጎት ሃምሳ አለቃ ሽፈራው በዚያ ሁሉ ሰው መሐል «የትኛውን ጎራዴ? ያንን ባሌስትራ?» ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት። ሻምበል ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

የባሌስትራው ነገር የቆየ ነው። ሁለቱ ሰዎች በኮርያ ዘመቻ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ነበሩ። ያኔ ሽፈራው ሃምሳ አለቃ፣ ገብረመድህን ምክትል አሥር አለቃ። ለዕረፍት ቶኪዮ በወረዱበት ሰሞን፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ አሜሪካዊ ሳጅን ከጃፓኖች የተሰበሰቡ ጎራዴዎችን እንደ ማገዶ አስሮ ይዟል። ብርድ ነበር። ሳጅኑ የገብረመድህንን ጋቢ ወደደው። ገብረመድህን ጋቢያቸውን ሰጡ፤ ከእስሩ አንዱን መዘዙ። ሽፈራው አጠገባቸው ቆመው ነበር። «እናትህ የፈተለችውን በመኪና ባሌስትራ ለወጥክ» አሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ይህን ማለት አላቆሙም። ነገሩ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም። በትልቁ ጦርነት ጊዜ የጃፓን ፋብሪካዎች ለመኮንን ሁሉ እንዲዳረስ ከተራ ብረት በሺህ የሚቆጠር ጎራዴ ቆርጠዋል። የትኛው ከየትኛው እስር ውስጥ እንደገባ ማን ያውቃል?

ስሉሰን ሲወርዱ ሽፈራውን ስፓሩ፣ የቲኬት መግቢያው በር አጠገብ ቆመው አገኟቸው። ከሚኖሩበት ከሄሰልቢ ነው የመጡት። የፀጉር ቆብ አድርገዋል፤ ካፖርታቸው ላይ የኮርያ ሜዳያቸው ተንጠልጥሏል።

«ምነው ሜዳይ?» አሉ ሻምበል።

«ቀብር ሲሆን አደርገዋለሁ» አሉ ሽፈራው። «ዛሬ ባሌስትራ ይቀበራል። እንደምን አደርክ ምክትል አሥር አለቃ?»

«ሻምበል ነኝ።»

«ለሌላው ሰው። ዓወል፣ ደህና ነህ ልጄ? ይኼ ሰውዬ አስቸገረህ?»

«ኧረ ምንም አላስቸገሩኝም ጋሽ ሽፈራው።»

«ገና ነው።»

የሚሄዱበት ቤት ከጣቢያው ሽቅብ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ነበር። የጃፓን ጎራዴ የሚወዱ ሰዎች ማኅበር በዓመት አንድ ቀን በሩን ይከፍታል፤ ማንም ያለውን ይዞ መጥቶ ያሳያል። ዓወል ማስታወቂያውን ያየው ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቢብሊዮቴክ ውስጥ ነው። ደረጃውን ወርደው ሲገቡ አዳራሹ ጸጥ ያለ ነበር። ጥቂት ስዊድናውያን ግድግዳ ጥግ ተቀምጠው ጎራዴዎቻቸውን አቅፈዋል። ልክ ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቁ ሕፃን ያቀፉ ሰዎች ይመስላሉ። መሐል ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ። በላዩ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ክዳን የሌለው አንድ አምፖል በርቷል።

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ቶርስቴን ይባላል። ቀጭን፣ ራሰ በራ፣ ዕድሜው ከሻምበል የማያንስ። የመርከብ መሐንዲስ ሆኖ ብዙ ዓመት ኮቤ ወደብ ኖሯል፤ ጎራዴ ማየት የተማረው እዚያ ካለ አንድ ሽማግሌ ነው። ተራቸው ሲደርስ ተነስቶ ጨበጣቸው።

«ስምህ ማነው? ምንስ ይዘህልኝ መጣህ?» አለ ሻምበልን።

ዓወል ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ስምዎ ማን ነው? ምን ይዘውልኝ መጡ?» አደረገው። እዚህ አገር ንጉሡ ካልሆኑ በቀር ሁሉም «አንተ» ነው፤ ይህን ግን ዛሬ ለሻምበል መንገር አላስፈለገውም።

ሻምበል ከረጢቱን ፈቱ። ጎራዴው ከብርድ ልብስ ውስጥ ወጣ። ቀይ የቆዳ ሰገባ፣ ጥቁር የጎሽ ቀንድ እጀታ፣ እጀታው ጫፍ ላይ የብር ክዳን። ስዊድናውያኑ አንገታቸውን አሰገጉ። ቶርስቴንም ቅንድቡን አነሳ።

«ይህ የአፍሪካ ጎራዴ ነው» አለ።

«ልብሱ ነው ያገሬ» አሉ ሻምበል። «ገላው የጃፓን ነው። ልብሱን ያለበሰችው ባለቤቴ ናት።»

ቶርስቴን ተቀመጠ። ጎራዴውን በሁለት እጁ ከግንባሩ ከፍ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገለት። ሻምበል ይህን ሲያዩ ትከሻቸው ላላ።

«ይኼ ሰው ሥርዓት ያውቃል» አሉ ቀስ ብለው።

«ለባሌስትራ ሲሰግድ የመጀመሪያው ነጭ ነው» አሉ ሽፈራው፤ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው ነበር የተናገሩት።

ቶርስቴን እጁን አነሳ። ከመሳቢያው ሁለት ነጭ ወረቀት አወጣና አጥፎ አንዱን በገዛ ከንፈሩ ያዘ፤ ሌላውን ለሽፈራው ዘረጋ። ዓወል ጠየቀው፤ ቶርስቴን ወረቀቱን አውጥቶ አስረዳ። የሰው ትንፋሽና ምራቅ ብረቱን ያዝገዋል። ቀርቦ የሚያይ ሰው ወረቀት በከንፈሩ ይይዛል፤ መናገር ከፈለገ ራቅ ይላል።

«ምን አለ?» አሉ ሽፈራው።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ወይ ይራቁ፣ ወይ ይህን በአፍዎ ይያዙ።»

ሽፈራው መራቅ አልፈለጉም። ወረቀቱን በከንፈራቸው ያዙ። ሻምበል ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ከኮርያ ጀምሮ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አንድ ወረቀት ነው የጎደለኝ!»

ቶርስቴን ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መዘዘ። ብረቱ ከሰገባው ሲወጣ አዳራሹ አበራ፤ መስተዋት ነበር የሚመስለው። ቶርስቴን አምፖሉ ሥር አጋደለው፣ አዞረው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በርዝመቱ ተመለከተው። ፊቱ ግን ቀስ በቀስ ጨለመ። ራቅ ብሎ ወረቀቱን ከአፉ አወጣ።

«በምንድነው የሚጸዳው?»

«በብራሶ፣ በናስ መወልወያው» አሉ ሻምበል በኩራት። «ለበዓል ሁሉ፣ ለሰልፍ ሁሉ። ትናንት ማታም ለዛሬ ብዬ ወልውዬዋለሁ። የወታደር ዕቃ ሊያበራ ይገባል።»

ዓወል ተረጎመ። ቶርስቴን ዓይኖቹን ጨፈነ። ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ በጥርሱ መሐል አየር ሳበ።

«ለካፕተኑ ንገርልኝ» አለ ቶርስቴን። «የዚህ ዕቃ ዕድሜ የሚነበበው ከብረቱ ቆዳ ላይ ነው። ስለቱ ጠርዝ ላይ እንደ ጭጋግ የሚታይ መስመር አለ፤ ብረቱ በእሳትና በውሃ ሲጠነክር የሚተወው። ብራሶ ያንን ጭጋግ ይልጠዋል። አሁን የማየው የራሴን አፍንጫ ብቻ ነው። ቅርጹ የድሮ ይመስላል፤ ፋብሪካም ግን የድሮ ቅርጽ መስሎ ይሠራል። እንዲህ ሆኖ አዲስ ነው ብልም አሮጌ ነው ብልም ልሳሳት እችላለሁ።»

ሽፈራው በወረቀቱ መሐል «እእምም» አሉ።

«አንተ ዝም በል» አሉ ሻምበል። ከዚያ ለዓወል «ሌላ የሚታወቅበት መንገድ የለም ወይ በለው» አሉ።

ሌላ መንገድ አለ፤ ቶርስቴን እጀታውን በጣቱ ነካ። እጀታው ውስጥ የገባውን የስለቱን ጭራ ሰው አይወለውለውም። አዲስ ዝገት ቀይ ነው፤ የብዙ መቶ ዓመት ዝገት እንደ ጥቁር አዝሙድ ነው፤ ይህን አስመስሎ የሚሠራ እጅ ጥቂት ነው። የጃፓን እጀታ በአንዲት የቀርከሃ ችንካር ስለሚያዝ በቀላሉ ይወጣል። ይኼ እጀታ ግን ችንካር የለውም።

«በሰምና በሙጫ ነው የተጣበቀው» አሉ ሻምበል።

«እሳት ብናሳየው ሙጫው ይቀልጣል፤ ስለቱ ግን ይሞታል» አለ ቶርስቴን። «በፍል ውሃ ፎጣ ጠቅልለን ልንሞክር እንችላለን። ችግሩ ቀንዱ ደርቋል። ሊሰነጠቅ ይችላል። አይሰነጠቅም ብዬ ቃል መግባት አልችልም።»

ዓወል ይህን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። የእጀታውን ነገር ያውቃል፤ ኖርስቦሪ ያለ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ገብረመድህን ሻምበል የሆኑ ጊዜ ኦጋዴን ነበሩ። ሚስታቸው ብርቱካን አዲስ አበባ ሆና ወሬውን ሰማች። ጎራዴውን ከግድግዳ አወረደች። የጃፓኑ እጀታ ክሩ ተበጣጥሶ፣ የሰው ላብ ይሸት ነበር። የመኮንን እጅ ይህን አይጨብጥም አለች። አንድ የባሏን የቆዳ ጓንት ይዛ ቀንድ ሠሪ ዘንድ ሄደች፤ በዚያ ልክ አስጠረበች። ግራኝ የሆኑት ገብረመድህን ሲመለሱ ጨበጡት። ጣቶቻቸው እያንዳንዳቸው ቦታቸውን አገኙ። ብርቱካን ማርያማዊትን ለአቅመ ሔዋን ሳታደርስ ሞተች። ከእጇ የቀረ ነገር ይኼ ብቻ ነው።

ሻምበል እጀታውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

ሽፈራው ከጠረጴዛው ራቁና ወረቀቱን ከአፋቸው መነጨቁ። «ተወው ገብሬ!» አሉ። «የብርቱካንን እጀታ አትሰብር። አምኛለሁ። የጥንት ነው። እሑድ እኔው ራሴ የጥንት ነው እላለሁ። በቃ፣ ጠቅልለውና እንሂድ።»

«አላመንክም። አዝነህልኝ ነው።»

«ምን ልዩነት አለው? ልጆቹ የት ያውቁታል!»

«እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ሻምበል። «ልጄን በድፍን ሰው ፊት ስሰጥ፣ ከአፌ የሚወጣውን ነገር ሳላውቀው እንዴት እናገራለሁ? ብርቱካን ይህን ያሠራችው ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እንድፈራው አይደለም። አሮጌውን እጀታ ያወለቀች ሴት ናት። ብትኖር ‹አውልቀው› ነበር የምትለኝ።» ወደ ዓወል ዞሩ። «ውሃ ያፍላ በለው። እጀታውን ግን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ተነስቶ ውሃ አፈላ። ፎጣ ነከሩ፣ ጨመቁ፣ ጠቀለሉ። ፎጣው ሲቀዘቅዝ ሌላ ተኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ጎራዴ ወንበር ላይ ትቶ ጠረጴዛውን ከበበ። ቶርስቴን ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ሻምበል በፎጣው ላይ እጀታውን ጨብጠዋል፤ እንፋሎቱ ጢማቸው ላይ ይወጣል። ማንም ሳይጠይቃቸው ሽፈራው ወረቀታቸውን መልሰው ከንፈራቸው መሐል አድርገዋል፤ በሁለት እጃቸው ለሰው ሁሉ «ቀስ፣ ቀስ» የሚል ምልክት ይሰጣሉ።

ጣ! የሚል ድምፅ ወጣ።

የሻምበል ፊት አመድ መሰለ። ፎጣውን አልፈቱም፤ ለዓወል ማየት የፈሩ መሰለው። ቶርስቴን ጎንበስ ብሎ ጫፉን ገለጠ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ።

«ሙጫው ነው» አለ። «ሳብ አድርገው።»

ሻምበል ሳቡ። እጀታው ከጓንት እንደሚወጣ እጅ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይሰነጠቅ ወጣ። የብርቱካን ቀንድ ከነ ብር ክዳኑ በመዳፋቸው ላይ ቀረ። ቶርስቴን ደግሞ የቀረውን ወደ አምፖሉ አቀረበ።

ጭራው ጥቁር ነበር። ቀይ ነጠብጣብ የለበትም። ሰም ተቀባብቶ ጥቁሩ ያብለጨልጫል። ከላይ እስከ ታች ሦስት ቀዳዳዎች አሉበት፤ የታችኛው ግማሹ ብቻ ነው የቀረው፣ በጫፉ ተቆርጧል። ቶርስቴን ደጋግሞ አየው። ከዚያ ለከበቡት ሰዎች አንድ ቃል ተናገረ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፤ አንዱ የሻምበልን ጀርባ መታ መታ አደረገ።

«ምን አለ? ዓወል! ምን አለ?» ሽፈራው ወረቀቱን ሊውጡት ምንም አልቀራቸውም።

ዓወል ቶርስቴን እስኪጨርስ ጠበቀ። «ከሦስት መቶ ዓመት አያንስም ነው የሚለው» አለ። «የመጀመሪያው ባለቤት ፈረሰኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ድሮ ከዚህ ይረዝም ነበር። በኋላ የመጣ ባለቤት በእግሩ የሚሄድ ሰው ሆኖ ለራሱ ልክ አስቆረጠው። የሠሪው ስም ከተቆረጠው ጋር ሄዷል። ስም የለውም።»

«ስም የለውም?» አሉ ሻምበል።

«እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ እጀታ ነው ይላል። ጎራዴው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ባዕድ ሲያልፍ፣ ያገኘው ሁሉ የራሱን ልብስ አልብሶታል። ወይዘሮ ብርቱካን ያደረጉት ሁሉም ያደረገውን ነው። እሳቸው ግን ሌሎቹ ያላደረጉትን ጨምረዋል፤ በሰም አሽገው እርጥበት ከለከሉት። ስለዚህ ነው አንዲት ቀይ ዝገት የሌለችበት።»

ሻምበል እጀታውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሽፈራው ነበሩ የተናገሩት። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ተረከዛቸውን አጋጠሙ፣ ቆባቸው ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ሻምበል» አሉ።

አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ቀልድም አልነበረበትም። ሻምበል ሰላምታውን በአንድ እጃቸው መለሱ፤ በሌላው ቀንዱን ይዘዋል።

ሰሙ ገና ለስላሳ ነበር። ቶርስቴን እጀታውን በቦታው መልሶ አስገባው፤ ያው የድሮው ሰም ተቀበለው፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ያዘው። ሌላ እጀታ እንዳይሠራበት መከረ። ብራሶን በሚመለከት ደግሞ ዓወል ያልተረጎማቸውን አንዳንድ ቃላት ተናገረ።

«ጠቅለል አድርገህ ንገረኝ» አሉ ሻምበል።

«ከእንግዲህ እንዳይነኩት ነው።»

«ታዲያ ለእሑድ ሳያበራ?»

«ሻምበል!»

«እሺ፣ እሺ።»

ስሉሰን የባቡሩ መሳፈሪያ ላይ ሲደርሱ የሄሰልቢ ባቡር መጣ። በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። ሽፈራው የስኪ ከረጢቱን በትከሻቸው አድርገው እንደቆሙ ነው። ከአዳራሹ ጀምሮ ለማንም አልሰጡም።

«ባቡርህ ሄደ እኮ» አሉ ሻምበል።

«አየሁት።»

የኖርስቦሪው ሲመጣ ቀድመው የገቡት ሽፈራው ነበሩ። ሦስቱም ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እሑድ የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ ሽፈራው።

«አንተ የሙሽራው ወገን ነህ። የሚናገረው ሰጪ ነው።»

«አንተ ስትናገር ሰው ያንቀላፋል። እኔ አምስት መቶ ዓመት እላለሁ፤ አዳራሹ በእልልታ ይፈርሳል።»

«ሰውዬው ሦስት መቶ ነው ያለው።»

«ከሦስት መቶ አያንስም ነው ያለው። አምስት መቶ ከሦስት መቶ ያንሳል?»

«ሽፈራው!»

«አራት መቶ። ለዝምድናችን ስል።»

አጠገባቸው ያሉ ልጆች ቋንቋውን ባይሰሙም ይስቁ ነበር። ሻምበልም ጢማቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ቆረጡ።

«አንተም አትናገርም፣ እኔም አልናገርም» አሉ። «ዓወል ይናገራል።»

ዓወል ደነገጠ። «እኔ? ሻምበል፣ እኔ በልጅዎ ሠርግ፣ ካህናቱ ባሉበት፣ የምን ተናጋሪ ነኝ?»

«ቀኑን ሙሉ የሰውን ቃል ተሸክመህ ስትመላለስ ዋልክ። ሳትጨምር ያየኸውን የምትናገር አንተ ነህ። ይኼ አጭበርባሪ ግን ጎራዴውን ለኖኅ ያስታጥቀዋል።»

«እሱም መልካም ሐሳብ ነው» አሉ ሽፈራው። «እሺ ዓወል፣ በል እንስማህ። ምን ብለህ ትጀምራለህ?»

ዓወል በመስኮቱ አየ። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ በረዶው ላይ ፀሐይ ነበር። ፈረሰኛውን አሰበ፣ የቆረጠውን ሰው አሰበ፣ ሳጅኑንና ጋቢውን አሰበ።

«‹ወይዘሮ ብርቱካን የባለቤታቸውን አንድ ጓንት ይዘው ቀንድ ሠሪ ዘንድ ሄዱ› ብዬ ነው የምጀምረው» አለ።

ሽፈራው ከረጢቱን ወደ ሻምበል ጉልበት አዘነበሉት። ሻምበል እጃቸውን በጨርቁ ላይ፣ እጀታው ባለበት ቦታ አሳረፉ፤ ጣቶቻቸው ሲታጠፉ ዓወል አየ።

«ጓንቱ ቡናማ ነበር» አሉ ሻምበል። «የግራ እጅ ጓንት። እሱን ጨምር።»